የጎደለውን ወፍ መጠየቅ፦ ወደ አቢጃታ ለምናደርገው የወፍ ምልከታ ጉዞ መሰናዶ ትምህርት



የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና እንዳበቃ ጀመዓችን ወደ አቢጃታ ሐይቅ ዳርቻ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ እንደሚያደርግ ሰምታችኋል። ጉዞው ከተነገረ ጀምሮ ሁለት ዓይነት ጥያቄ እየመጣ ነው። አንዱ «ወፍ ማየት ከዲን ጋር ምን ያገናኘዋል? ቀኑን ለቂርኣት ብናውለው አይሻልም ወይ?» የሚል ነው። ሌላው «ምን ይዤ ልምጣ? ሶላቱስ እንዴት ይሆናል?» የሚል ነው። ሁለተኛው በፊቅህ ኪታቦች የተመለሰ ስለሆነ ቀላል ነው፤ ወደ ኋላ እንደርስበታለን። የመጀመሪያው ግን ጠያቂው ተሳስቷል ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሄደን ፎቶ ተነስተን፣ ቆሎ በልተን የምንመለስ ከሆነ እውነቱን ነው፤ ቀኑ ለቂርኣት ቢውል ይሻላል። ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት በዓይናችን ምን እንደምንሠራ እንነጋገር።

ቆጠራው የጀመረበት ቦታ

የነቢዩ ሱለይማንን (ዐ.ሰ) እና የሁድሁድን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። በሱረቱ ነምል ከ20ኛው አንቀጽ ጀምሮ ይገኛል። ብዙዎቻችን ታሪኩን ስናስታውስ ቶሎ ወደ ሰበእ ንግሥት፣ ወደ ዙፋኑ፣ ወደ ደብዳቤው እንሮጣለን። ታሪኩ ግን የሚጀምረው በቆጠራ ነው። ሱለይማን (ዐ.ሰ) ወፎቹን ቃኙ፣ አንዱ እንደጎደለ አስተዋሉ፣ ከዚያም ሁድሁድን ለምን እንዳላዩት ጠየቁ። ቁርአኑ ለዚህ ተግባር የተጠቀመበት ቃል «ተፈቀደ» ነው። ትርጉሙ ዝም ብሎ መመልከት አይደለም፤ ማን አለ ማን የለም ብሎ መፈተሽ፣ የጎደለውን መፈለግ ነው። ከጂን፣ ከሰውና ከወፍ የተውጣጣ ሠራዊት የነበራቸው ንጉሥ ከዚያ ሁሉ መሐል አንዲት መዳፍ የምታክል ወፍ አለመኖሯን ማወቃቸው ራሱ የሚያስገርም ነው። ያለውን ማየት ለማንም ይቀላል። የሌለውን ለማየት ግን አስቀድሞ ምን መኖር እንደነበረበት ማወቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ሁድሁድ ይመጣል። ከሰበእ የተረጋገጠ ዜና፣ «ነበእ የቂን»፣ እንዳመጣ ይናገራል። የዘገባውን አካሄድ ልብ በሉ። መጀመሪያ ያየውን ይናገራል፤ ሕዝቡን የምትገዛ ሴት መኖሯን፣ ከሁሉም ነገር የተሰጣት መሆኗን፣ ታላቅ ዙፋን እንዳላት፣ እርሷና ሕዝቧ ለፀሐይ ሲሰግዱ ማግኘቱን። ከዚያ በኋላ ነው ሸይጧን ሥራቸውን እንዳስጌጠላቸው የሚያክለው። ያየው ቀደመ፣ ፍርዱ ተከተለ። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተገላቢጦሹን ነው፤ ፍርዱን አስቀድመን ከዚያ የሚስማማውን «አየሁ» እንላለን። የግቢ ወሬ አብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሱለይማንም (ዐ.ሰ) ዘገባውን ሰምተው ወዲያው አላመኑም፣ ወዲያውም አላስተባበሉም። እውነት መናገሩን ወይም መዋሸቱን እንደሚያጣሩ ነገሩትና ደብዳቤ አስይዘው ላኩት። ዘጋቢው ራሱ ለማረጋገጫው ተመልሶ ሄደ ማለት ነው። በሱረቱ ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ የታዘዝነው ዜናን የማጣራት ነገር እዚህ በአንዲት ወፍና በአንድ ነቢይ መሐል በተግባር ተሠርቶ ይታያል።

እንግዲህ «ወፍ ማየት ከዲን ጋር ምን ያገናኘዋል?» ላለው ወንድማችን መልሴ ይህ ነው። በዚያ ቀን የምንለማመደው ያየነውን ብቻ መጻፍን፣ ያላወቅነውን አላውቅም ማለትን፣ የጎደለውን መጠየቅን ነው። ኢማሙ ማሊክ (ረሒመሁላህ) ከሩቅ አገር መጥቶ ለሚጠይቃቸው ሰው እንኳ «አላውቅም» ማለትን የማያፍሩ ዓሊም እንደነበሩ ይታወቃል። ሁለተኛ ዓመት ያለ ተማሪ ከ300 ሜትር ርቀት ያያትን ቡናማ ወፍ ስሟን አላውቅም ለማለት ሊያፍር አይገባም።

ይህ ነገር በዑለሞቻችን ዘንድ አዲስም አይደለም። በ808 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ግብፃዊው የሻፊዒይ ፈቂህ አድ-ደሚሪ «ሐያቱል ሐየዋን» የተሰኘ ትልቅ ኪታብ ጽፈዋል። እንስሳትንና ወፎችን በፊደል ተራ አስቀምጠው ስለ እያንዳንዳቸው ስማቸውን፣ ጠባያቸውን፣ በሐዲስና በምሳሌያዊ አነጋገር እንዴት እንደተጠቀሱ፣ ሥጋቸው ሐላል መሆን አለመሆኑን ይዘረዝራሉ። ዛሬ ባዮሎጂ የምንለውንና ፊቅህ የምንለውን በአንድ ገጽ ላይ ማየት ያልለመደ ተማሪ ቢያገላብጠው ይገረማል።

ለምን በጥር?

እዚህ ላይ አንድ የቃል ነገር አለ። አውሮፓውያን «ክረምት» ሲሉ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን በረዷማ ጊዜ ማለታቸው ነው። ለእኛ ያ ጊዜ በጋ ነው። በሰሜን ምድሩ ሲቀዘቅዝ፣ ረግረጉ በበረዶ ሲሸፈን፣ ከጭቃ ውስጥ ትልና ነፍሳት ለቅመው የሚኖሩ ወፎች ምግብ ያጣሉ። ከፊሎቹ በአውሮፓ የባሕር ዳርቻ ጨዋማ ረግረጎች ላይ ይከርማሉ። ከፊሎቹ ሜዲትራኒያንንና ቀይ ባሕርን ተከትለው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። የአረቢያና የኤርትራ ዳርቻ ጨዋማ ሜዳዎች፣ ቀጥሎም የእኛ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ማረፊያቸው ናቸው። አቢጃታ ባሕር አይደለም፤ መውጫ የሌለው የሶዳ ሐይቅ ነው። ግን ነጭ ቅርፊት ያለበት ጠፍጣፋ ዳርቻው፣ ለስላሳ ጭቃውና ጥልቀት የሌለው ውኃው የባሕር ዳር ጨዋማ ረግረግን ሥራ ይሠራል። ስለዚህ አንድ ወፍ በመስከረም ቀይ ባሕር ዳር፣ በጥር አቢጃታ ዳር ብትገኝ አይደንቅም። ከአረቢያ ወደ አፍሪካ ንስሮችና ጭላቶች የሚሻገሩበት የባበል መንደብ ጠባብ ሰርጥ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰሓቦች በነቢይነታቸው በአምስተኛው ዓመት ወደ ሐበሻ የተሻገሩትም ይህንኑ ቀይ ባሕር ነው።

ከምናያቸው መሐል ትንሿን እንውሰድ። በእንግሊዝኛ ሊትል ስቲንት የሚሏት ናት። ክብደቷ ከ20 እስከ 30 ግራም ቢሆን ነው፤ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። እንቁላሏን የምትጥለው በሰሜን አውሮፓና በሳይቤሪያ ጫፍ፣ ዛፍ በማይበቅልበት ምድር ነው። ከዚያ ተነስታ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በርራ አቢጃታ ጭቃ ላይ ስትለቅም ታገኟታላችሁ። ዓመቱን ሙሉ ሙቀት እየተከተለች ትኖራለች ማለት ነው። ሱረቱል ሙልክ 19ኛው አንቀጽ ከበላያችን ክንፋቸውን ዘርግተውና አጥፈው የሚበሩትን ወፎች አላየንም ወይ ብሎ ይጠይቀናል፤ በአየር ላይ የሚይዛቸውም አር-ረሕማን ብቻ እንደሆነ ይነግረናል። ጥያቄው የቀረበው ለሚያይ ሰው ነው። ያላየ ሰው አንቀጹን ሊሐፍዘው ይችላል፤ ጥያቄውን ግን ገና አልመለሰም።

በምንቃር የተከፋፈለ ሪዝቅ

ዳርቻው ላይ ስትቆሙ መጀመሪያ የሚታያችሁ ሮዝ መስመር ነው፤ ፍላሚንጎ። ሁለት ዓይነት ናቸው። ትልቁ ፍላሚንጎ ቁመቱ ረዥም፣ ቀለሙ ነጣ ያለ፣ ምንቃሩ ሮዝ ሆኖ ጫፉ ብቻ ጥቁር ነው። ትንሹ ፍላሚንጎ አጠር፣ ቀላ ያለ ሲሆን ምንቃሩ ከሩቅ ጥቁር የሚመስል ደማቅ ቀይ ነው። ሁለቱም ራሳቸውን ገልብጠው ምንቃራቸውን ውኃ ውስጥ ያስገባሉ፤ ምላሳቸው እንደ ፓምፕ ውኃውን እያስገባና እያስወጣ በምንቃራቸው ውስጥ ባለው ወንፊት ያጠሉታል። ግን የትንሹ ወንፊት ደቃቅ ስለሆነ በዓይን የማይታየውን አረንጓዴ የውኃ አልጌ ይይዛል፤ የትልቁ ሰፋ ስለሚል ትንንሽ የውኃ ነፍሳትን ይይዛል። ጎን ለጎን ቆመው ከአንድ ውኃ ይበላሉ፣ አንዱ የሌላውን ምግብ ግን አይነካም።

ወደ ጭቃው ቀረብ ስንል ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። ሊትል ስቲንት በአጭር ምንቃሯ ከላይ ከላይ ትለቅማለች። ከእርሷ ምንቃራቸው የረዘመ ወፎች ጣት በሚያህል ጥልቀት ይወጋሉ። አቮሴት የምትባለው ጥቁርና ነጭ ወፍ ምንቃሯ ወደ ላይ የተቆለመመ ነው፤ እንደ ማጭድ ግራና ቀኝ እያወዛወዘች ትጠርጋለች። ስቲልት ደግሞ ቀጫጭን ቀያይ እግሮቿ ረዣዥም ስለሆኑ ሌሎቹ የማይደርሱበት ውኃ ውስጥ ገብታ ትቆማለች። ከአውሮፓ የመጣው ምንቃረ ማንኪያ ዳክዬ የውኃውን ገጽ እየቀዘፈ ያጣራል። አንድ መአድ ነው፤ ለእያንዳንዱ እጅ የሚደርስበት ቦታ ግን ተለክቶ ተሰጥቶታል። በሱረቱ ሁድ 6ኛው አንቀጽ በምድር ላይ የሚንቀሳቀስ ማንኛውም ፍጡር ሪዝቁ በአላህ ላይ መሆኑን ስንቀራ ኖረናል። እዚያ ቆሞ ሩብ ሰዓት ያየ ሰው «ሪዝቅ» የሚለውን ቃል ከዚህ በኋላ ሲሰማ በዓይኑ ላይ የሚመጣ ነገር ይኖረዋል።

ዑመር (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ቲርሚዚ የዘገቡት የታወቀ ሐዲስ አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአላህ ላይ እውነተኛ መመካትን ብንመካ ለወፎች እንደሚሰጣቸው ለእኛም እንደሚሰጠን ነገሩን፤ ወፎች በጠዋት ሆዳቸው ባዶ ሆኖ ይወጣሉ፣ ማታ ጠግበው ይመለሳሉ። ዑለሞች ሁልጊዜ የሚያሳስቡት አንድ ነገር አለ። ወፏ ትወጣለች፤ ጎጆዋ ውስጥ ተቀምጣ አትጠብቅም። ሊትል ስቲንትን ለአምስት ደቂቃ በመነጽር ተከታተሉ። አንዴም አትቆምም። ተወኩልን ሰበብ ከማድረስ ጋር አጣምሮ ለማስረዳት ሰዓት ሙሉ የሚፈጅ ዳዕዋ እርሷ በአምስት ደቂቃ ትጨርሰዋለች።

የሌሉት

አሁን ወደ ተፈቀደ እንመለስ። በአቢጃታ ማን መኖር ነበረበት?

በአቢጃታና በጎረቤቱ ሻላ መሐል ያለው ጠባብ ከፍታ ብቻ ነው። ሻላ 266 ሜትር ድረስ የሚጠልቅ ሐይቅ ነው። አቢጃታ ከእርሱ ጋር ሲነጻጸር ሳህን ነው። በሻላ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ ነጭ ፔሊካኖች ይራቡ ነበር፤ ደሴቲቱ ከጅብና ከቀበሮ ትጠብቃቸዋለች። ሻላ ግን ለእነርሱ የሚበቃ ዓሣ የለውም። ስለዚህ በየቀኑ ከፍታውን ተሻግረው አቢጃታ ላይ ቆሮሶ ያጠምዱና ለጫጩቶቻቸው ይዘው ይመለሱ ነበር። አንዱ ሐይቅ ቤት፣ ሌላው ገበያ ሆኖ ማለት ነው። ከዚያ አቢጃታ ሸሸ። ካለፈው ሃምሳ ዓመት ወዲህ የሐይቁ ስፋት ከግማሽ በላይ ቀንሷል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ውኃው ሲቀንስ ጨውና ሶዳው ስለሚቀር ይጠነክራል፤ ዓሣውም መኖር አቃተው። ዓሣው ሲጠፋ ፔሊካኖቹ ገበያቸውን አጡ። ዛሬ አቢጃታ ዳር ቆሞ ፔሊካን ያላየ ሰው ምንም የጎደለ ላይመስለው ይችላል፤ ፍላሚንጎው አለና፣ ፎቶውም ያምራል።

ውኃው የት ሄደ? አቢጃታ ዋና ውኃውን የሚያገኘው ከዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ ደግሞ በሆራ ቀሎ በኩል ነው። ዝዋይን የሚመግቡት መቂና ቀጠር ወንዞች ናቸው። ከእነዚህ ወንዞች፣ ከዝዋይና ከቡልቡላ ለመስኖ ብዙ ውኃ ይሳባል። በአቢጃታ ዳር ደግሞ ሶዳ አሽ ለማውጣት የሐይቁ ውኃ ራሱ ወደ ማትነኛ ገንዳ ይገፋል። የዝናብ መለዋወጥም ድርሻ አለው። አንድ ጥፋተኛ ጠቁሞ መሄድ አይቻልም። የካፌያችን ቲማቲምና ሽንኩርት ከመቂና ከባቱ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ሶዳ አሽም ሳሙናና መስታወት ውስጥ ይገባል። በሐይቁ ዙሪያ የሚኖረውም ሕዝብ አብዛኛው ወንድማችንና እህታችን የሆነ ሙስሊም አርሶና አርብቶ አደር ነው፤ ልጆቹን ማብላት አለበት።

ይህ ጉዳይ በዲናችን ባዶ ቦታ የሚያገኝ አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የዙበይር (ረ.ዐ) ክስ አለ። በመዲና ሐራ በተባለው ስፍራ ካለ የጎርፍ ቦይ ዙበይር ተምራቸውን ያጠጣሉ፤ ማሳቸው ከላይ ነው። ከታች ያለ አንድ አንሷሪ ውኃውን ልቀቅልኝ ብሎ ተከራከራቸውና ጉዳዩ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ደረሰ። ረሱልም ዙበይርን አጠጣና ውኃውን ወደ ጎረቤትህ ልቀቅ አሏቸው። አንሷሪው የአክስትህ ልጅ ስለሆነ ነው ብሎ ሲቆጣ፣ የረሱል ፊት ተለወጠ፤ ዙበይርም ውኃው ከግድቡ ሥር እስኪደርስ ሙሉ መብታቸውን እንዲይዙ፣ ከዚያ እንዲለቁ ፈረዱ። ሌላ ዘገባ ደግሞ፣ አቡ ዳውድና ኢብኑ ማጃህ እንዳስተላለፉት፣ መህዙር በተባለው የመዲና ወንዝ ላይ የላይኛው ውኃውን እስከ ቁርጭምጭሚት ይዞ ወደ ታችኛው እንዲለቅ መፈረዳቸውን ይነግረናል።

ከሁለቱ የምንረዳው የላይኛው ባለ መሬት ቅድሚያ እንዳለው ነው፤ ግን ቅድሚያ ማለት መጨረሻ የሌለው መብት አይደለም። ልኬት ተቀምጦለታል፤ ከልኬቱ በኋላ መልቀቅ ግዴታ ነው። ልኬቱ ደግሞ በቁርጭምጭሚት የሚለካ፣ ማንም ገበሬ ሊያየው የሚችል ነበር።

እነዚህ ፍርዶች ስለ ሰው ማሳ ናቸው፤ ስለ ሐይቅና ስለ ፔሊካን አይናገሩም። ቂያሱን መወሰን የተማሪ ሥራ አይደለም፤ ለዑለሞች እንተወዋለን። ጥያቄውን ማንሳት ግን የእኛ ነው። ከቡልቡላ በታች ያለው «ጎረቤት» ማን ነው? በሱረቱል አንዓም 38ኛው አንቀጽ በምድር ላይ የሚሄዱ እንስሳትና በክንፋቸው የሚበሩ ወፎች እንደ እኛ ኡመቶች መሆናቸውን አላህ (ሱ.ወ) ነግሮናል። ኡመት የተባለ ፍጡር ከታች በኩል ቢጠማ የውኃው ልኬት ውስጥ ይታሰብለታል ወይስ አይታሰብለትም? ይህን የውኃ ምህንድስና፣ የግብርናና የሕግ ተማሪዎቻችን አብረው ቢወያዩበት ደስ ይለኛል፤ መልሱን አሥር ዓመት ቆይተው ሥራ ላይ የሚያውሉት እነርሱ ናቸውና።

የተመልካች አደብ

አቡ ዳውድ ከኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) የዘገቡት ነገር ለእኛ የተነገረ ይመስላል፤ የሆነው በጉዞ ላይ ነውና። ሰሓቦች ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሲጓዙ ረሱል ለጉዳያቸው ዘወር ባሉበት ጊዜ ሁለት ጫጩቶች ያሏት ሑመራ የተባለች ወፍ አገኙና ጫጩቶቹን ያዙ። እናቲቱ መጥታ ክንፏን እያርገበገበች ታንዣብብ ጀመር። ረሱልም ሲመለሱ በልጇ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠይቀው ጫጩቶቹ እንዲመለሱላት አዘዙ። ሰሓቦች ጫጩቶቹን አልገደሉም፣ አልጎዱም። ነቀፋው የመጣው በማስጨነቃቸው ነው።

ስለዚህ ፍላሚንጎ ለፎቶ እንዲበር ብሎ ማጨብጨብ፣ ድንጋይ መወርወር ወይም መሮጥ ከእኛ አይጠበቅም። ወፍ ስትበላ ማቋረጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ በመጋቢት ወደ ሰሜን የምትመለስበትን ስብ የምታከማቸው አሁን ነው፣ ባባረርናት ቁጥር ከዚያ ላይ ትከፍላለች። ወፎቹ መብላት አቁመው ራሳቸውን ቀና ካደረጉ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። ነሺዳ በስፒከር አይከፈትም። ነጭ ጀለቢያም ለዒድ ይቆይ፤ ከሩቅ ታበራላችሁ።

ከሐይቁ በፊት ባለው የግራር ዱር ውስጥ ቀስ ብለን እናልፋለን። አቡ ዳውድ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አራት ፍጥረታት እንዳይገደሉ ከልክለዋል፦ ጉንዳን፣ ንብ፣ ሁድሁድና ሱረድ። ሱረድ በእንግሊዝኛ ሽራይክ የምትባለዋ፣ ያደነችውን ነፍሳት እሾህ ላይ ሰክታ የምታቆይ ወፍ ናት። ሁድሁድን ለመለየት አትቸገሩም፤ ቀላ ያለ ቡናማ አካል፣ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር ክንፍ፣ ረዥም ምንቃር፣ ራሷ ላይ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ ጉትዬ። መሬት ላይ እየሄደች በምንቃሯ ስትቆረቁር ትገኛለች። ኢንሻአላህ አራቱንም በአንድ ጠዋት የምናይበት ዕድል ሰፊ ነው።

አቆጣጠሩም አደብ አለው። አሥር ወፍ አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ አሥሩ የያዙትን ስፋት በዓይናችሁ ያዙ፤ በዚያ ልክ መቶውን፣ ከመቶው ሺሁን ገምቱ። አምስት አምስት ሆናችሁ በቡድን ትሠራላችሁ፤ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ቆጥሮ ከጻፈ በኋላ ነው ቁጥር የምታስተያዩት። ቀድሞ የጮኸ ሰው ቁጥር የሁሉም ቁጥር እንዳይሆን ነው። ግምት ከሆነ «ግምት» በሉ፤ ያላወቃችሁትን «ያልታወቀ» ብላችሁ መልኩን ሣሉ። በየዓመቱ በጥር ወር በዓለም ዙሪያ የውኃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል፣ በአገራችንም የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ያስተባብረዋል። የእኛ የልምምድ ቆጠራ ነው፤ ሆኖም ነገ በዚያ ቆጠራ የሚሳተፍ ሰው ከመሐላችን ቢወጣ፣ ቁጥሩ የሚታመን እንዲሆን ልማዱ ከአሁኑ ይያዝ። ቆጠራውን ረፋድ ላይ እንጨርሳለን፤ ፀሐይ ከጀርባችን ትሆናለች፣ ቀትር ላይ ደግሞ ከነጩ ሜዳ የሚነሳው ሙቀት ወፎቹን እንደ ውኃ ያውለበልባቸዋል።

አንድ ነገር በጥብቅ፦ ነጩ ቅርፊት የሚሸከም ይመስላል፣ ሥሩ ግን ጥልቅ ጭቃ ነው። ስካውቱ ካቆመን መስመር ማንም አይለፍ።

ሶላትና ጠሃራ

ከአዲስ አበባ እስከ ፓርኩ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙኃኑ ዑለሞች ለቀስር ያስቀመጡት ርቀት 80 ኪሎ ሜትር ከፍ የሚል ስለሆነ ከአዲስ አበባ የምንነሳው በእነርሱ ዘንድ ሙሳፊር ነን፤ ከከተማው ክልል ከወጣን ጀምሮ ዙህርን፣ ዐስርንና ዒሻን ማሳጠር እንችላለን። በሻፊዒይ መዝሀብ ዙህርና ዐስርን ማጣመርም ይቻላል፤ በሐነፊይ መዝሀብ በጉዞ ምክንያት ማጣመር ስለሌለ የወሎ ወንድሞቻችን ዐስርን በወቅቱ ቢሰግዱ ማንም አይጨቃጨቃቸው። ከሐዋሳ የሚቀላቀሉን ግን መንገዳቸው ከዚያ ርቀት ስለሚያንስ ሙሉ ይሰግዳሉ፤ ከሙሳፊር ኢማም ኋላ ከሆኑ ኢማሙ ሲያሰላምት ተነስተው ይሞላሉ። ጉዞውን በቅዳሜ ያደረግነው ጁሙዓ እንዳያመልጠን ነው።

ውኃን በተመለከተ፣ ሐይቁ ሶዳ ስላለበት ዉዱእ አይሆንም ማለት አይደለም። ውኃ በሚያርፍበት መሬት ምክንያት ጣዕሙ ቢለወጥ አጥሪነቱ እንደማይጠፋ ፉቀሃዎች ይናገራሉ። ወደ ውኃው መድረስ ግን ከላይ ባልኩት ጭቃ ምክንያት አይቻልም፤ ስለዚህ ይዘን እንሄዳለን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውኃ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል፤ ይህም ሦስት አራተኛ ሊትር አይሞላም። 40 ሰው ብንሆን 28 ሊትር ይበቃናል ማለት ነው፤ ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን እንጭናለን፣ ለኢስቲንጃእ ሌላ ሁለት። በሙድ ዉዱእ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ከጉዞው በፊት በየዶርማችሁ ሞክሩት፤ ቧንቧ ከፍቶ የለመደ ሰው መጀመሪያ ይከብደዋል። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቡት የምታደርጉ በዉዱእ ላይ ሆናችሁ ካጠለቃችሁት ማውለቅ ሳያስፈልግ ማበስ ትችላላችሁ፤ ዝርዝሩን ደርስ ላይ እናያለን።

ሰሌን ወይም ምንጣፍ አይረሳ፤ በአካባቢው የከብት እበት ስለሚበዛ፣ እርሱ ነጃሳ ነው አይደለም በሚለው ላይም መዝሀቦች ስለሚለያዩ፣ ከጭቅጭቁ ምንጣፉ ይቀላል። እህቶች በራሳቸው አሚር ተለይተው ይሄዳሉ፤ ያለ መሕረም መጓዝን በተመለከተ ጥያቄ ያላት እህት ከመመዝገቧ በፊት የምታምናቸውን ኡስታዝ ትጠይቅ።

ቂብላው ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለው። ከአቢጃታ መካ የምትገኘው ቀጥታ ሰሜን ልትባል ትችላለች፣ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ወደ ምሥራቅ ታዘነብላለች። በጥር ፀሐይ ቀትር ላይ በደቡብ በኩል ስለምትሆን ጥላችን ወደ ሰሜን ይወድቃል። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አለፍ ብሎ ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል፣ ዙህር ሲገባ፣ ጥላው ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያጋድላል። ስልካችሁ ቻርጅ ቢያልቅ ዱላ ትከሉ፤ በዚያች ሰዓት ጥላው ቂብላውን ይጠቁማል። ስቲንቷና ዳክዬውም ከሁለት ወር በኋላ ተነስተው የሚሄዱት ወደዚያው አቅጣጫ ነው።

ለሐሙስ ሐለቃ የሚሆኑ ጥያቄዎች

ከጉዞው በፊት ባለው ሐሙስ እነዚህን ይዘን እንወያያለን። ሱለይማን (ዐ.ሰ) ሁድሁድን በብርቱ ቅጣት ዝተው ነበር፤ ግልጽ ማስረጃ ካመጣ ግን እንደሚተውት አብረው ተናግረዋል። ከመፍረድ በፊት ለቀረው ሰው ይህን በር የምንከፍተው ስንቶቻችን ነን? በዙበይር ክስ ውስጥ የመጀመሪያው ፍርድ ከሁለተኛው የሚለየው በምን ነው? የትኛው ፍትሕ፣ የትኛው ኢሕሳን ነበር? በቆጠራ ቅጹ ላይ ደግሞ ከተለመዱት ዓምዶች ቀጥሎ «መኖር የነበረበት፣ ያልታየ» የሚል አንድ ዓምድ ጨምረናል። እርሱን ለመሙላት በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ድሮ ምን ያዩ እንደነበር መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ኦሮምኛ የምትችሉ ከእያንዳንዱ ቡድን አንዳንድ ሰው እስከ ረቡዕ ድረስ ስማችሁን ለዳዕዋ ክፍል ስጡ።